በቁልፍ ቀዳዳ የገባ መብራት

ዶሮ የቆመበት ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በሰባት ዓመቴ፣ ጉለሌ፣ በእኛው ሳሎን ውስጥ ነው። ቁመቱ ከስንዝር ብዙ አይበልጥም። ግድግዳው ወረቀት፣ ጣሪያው ወረቀት፣ የደወሉ ማማ ጫፍ ላይ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ የቆመ የወረቀት አውራ ዶሮ። እናቴ የዓለምወርቅ ከማድ ቤት ብቅ ስትል አየችውና አማተበች።

«ዓምሃ፣ ምን ጉድ ነው ቤቴ ያስገባኸው?»

«የፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያን ነዋ» አለ አባዬ፣ ኮላ የነካ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ። «እነሱ ዘንድ ጫፉ ላይ ዶሮ ይቆማል።»

«እነሱ ዘንድ ይቁም። እኔ ቤት አይቆምም።»

ክርክሩን የጨረሰችው የአባዬ እህት እትዬ የሺ ናት። ልብስ ሰፊ ስለነበረች መቀስ ከእጇ አይጠፋም። ዶሮውን ከእግሩ ሥር ቀጭ አድርጋ ቆረጠችና «እንቺ፣ ለፋሲካ ይቆይሽ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። በቦታው ከክብሪት እንጨት የሠራችውን መስቀል ተከለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈረንሳዩ ቤተ ክርስቲያን ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተባለ። እናቴም፣ ማንም ያላያት ሲመስላት፣ በአጠገቡ ስታልፍ አንገቷን ዝቅ ታደርግለት ጀመር።

አባዬ ለገሃር፣ ምድር ባቡር ውስጥ ትኬት ሻጭ ነበር። አለቃው ሙሴ ጋስቶን የሚባል ፈረንሳዊ አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ትቶለት ሄደ። ሳጥኑ ውስጥ ወፋፍራም ወረቀቶች አሉ። በላያቸው ላይ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በር፣ ጭስ ማውጫ፣ የአበባ ማሰሮ ሳይቀር በቀለም ታትሟል፤ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ አጣብቆ ማቆም ብቻ ነው የሚቀረው። ሙሴ ጋስቶን ለመጫወቻ ባቡሩ ዳርና ዳር ሊያቆማቸው ገዝቷቸው ጊዜ ሳያገኝ የቀረ ቤቶች ነበሩ። ባቡሩ ግን ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። «ከአገሬ እልክልሃለሁ» ብሎት ሄደ። እስከ ዛሬ እየጠበቅነው ነው።

ያን ጊዜ ግን ነገ የሚደርስ ነበር የሚመስለኝ። አባዬ ከአዲሱ ገበያ ወርዶ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው።

«ባቡሩ መጣ?»

«ከተማው ሳያልቅ ቢመጣ የት ይቆማል? ይልቅ እጅሽን ታጠቢና ነይ።»

ይሄን ሲለኝ ወደ ውኃው እሮጥ ነበር። የ1967 ክረምት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ደመና ግቢያችን ድረስ ይገባል፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ይደበደባል፤ እኔ ግን ዝናብ መኖሩንም ረስቻለሁ። ከተማ እየሠራን ነዋ!

ከተማው የተቆረቆረው በር ላይ ነው። እውነተኛ በር፣ የጥድ እንጨት፣ ትልቅ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው። ቀጨኔ፣ እትዬ የሺ የምትኖርበት የአያቴ ቤት አዲስ የቆርቆሮ በር ሲገጠምለት አባዬ አሮጌውን አሸክሞ አመጣና ሳሎናችን ውስጥ በሁለት ሳጥን ላይ አጋደመው። እናቴ «ሰው በር ያቆማል እንጂ ያስተኛል እንዴ?» እያለች በጎኑ ለማለፍ ስትጨናነቅ ከረመች።

ሥራው ሥርዓት ነበረው። መቁረጥ የአባዬ ነው፤ ምላጭና ማስመሪያ አያስነካኝም። ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት የሚታጠፍበትን መስመር በቢላዋ ጀርባ ይጭረዋል። «ካልጫርሽው እንደፈለገው ይታጠፋል፤ ቀድመሽ መንገዱን አሳዪው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ያዥ ነኝ። ኮላ የተቀባው ጠርዝ እስኪደርቅ ድረስ ቆንጥጬ እይዛለሁ፤ ጣቶቼ ሲለቁ ወረቀቱ ቆዳዬን ይዞ ይቀራል። ምሳ ስበላ የጣቶቼ ጫፍ ኮላ ኮላ ይለኝ ነበር። ደስ ይለኛል ያ ሽታ፤ ዛሬም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስገባ ያለ ጉዳይ እቆያለሁ።

ስምንት ቤት አቆምን። የፈረንሳይኛ ስማቸውን ማን ያስታውሳል? ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ጣቢያው ለገሃር፣ ቤተ ክርስቲያኑ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ቀይ ጣሪያው ዳቦ ቤት፣ ባለ ሁለት ፎቁ የእኛ ቤት፣ የጎረቤታችን የጋሼ መሸሻ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ትምህርት ቤት። ጭስ ማውጫዋ ትንሽ የተጣመመችው ትንሿ ቤት ደግሞ የእትዬ የሺ ነበረች። የተጣመመችው በእኔ ጥፋት ነው፤ ሳይደርቅ ለቅቄያት። እትዬ የሺ አይታ «ልክ የኔን ነው የሠራሽው፣ የኔም አዛብቶ ነው የሚያጨሰው» አለችኝ። ከሰፋችው ልብስ የተረፈውን ትርፍራፊ ጨርቅ ጥፍር በሚያክል መጠን እየቆረጠች ለሁሉም መጋረጃ አደረገችላቸው።

ከሁሉ የበለጠው ግን መብራቱ ነው። አባዬ ቤቶቹን በመብራት ሊሞላ አሰበ። ከእጅ ባትሪ አምፑል ፈታ፣ ቀጫጭን ሽቦ አሰረበት፣ ሽቦውን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘና ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከተተው።

«መስኮቱን ዝጊ።»

ዘጋሁ። ቤቱ በራ። ጣሪያው በራ፣ ግድግዳው በራ፣ የተጣበቀበት ስፌት ሁሉ ቀላ። እኔ ዘለልኩ፣ አጨበጨብኩ። አባዬ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄማ ፋኖስ ነው። ቤት በመስኮቱ ነው የሚበራው እንጂ በግድግዳው አይደለም።»

ቤቶቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው ከፍቶ ውስጣቸውን በከሰል ዱቄትና በኮላ አጠቆረ። በዚያ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት ለጠፈበት። ብራማውን ያመጣልን ጋሼ መሸሻ ነው፤ አንዱን ሲጋራ በአንዱ የሚለኩስ ሰው ነበር። «ለልማት ነው የማጨሰው» እያለ ወረቀቱን በመዳፉ አለስልሶ በአጥር በኩል ያቀብለኛል። ለመስኮቶቹ ቢጫ የከረሜላ ወረቀት አገኘን፤ ከረሜላውን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ለሥራ ስል።

የባትሪ ድንጋዮቹ የተቀመጡት ከበሩ ሥር ነው። ሽቦው ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ሲፈለግ አባዬ ለመብሳት እንኳ አልደከመም። የቁልፉ ቀዳዳ አለ። በዚያ አሳለፈው፣ በላዩ ላይ የእትዬ የሺን ቤት ደፋበት፣ ከዚያ ውስጥ ወደ ሰባቱ ቤቶች ሽቦ ይዘረጋ ጀመር።

«ስሚ ሙሉዬ፣ መብራቱ የሚገባው በየሺ ቤት ነው። እሷን የነካሽ እንደሆነ ሁሉም ይጨልማል። እጅሽን እንዳታሳርፊባት።»

«አላሳርፍም» አልኩ። ደግሞም አላሳረፍኩም። ማታ ከመተኛቴ በፊት በደህና መኖሯን ብቻ አይ ነበር።

አዋጁ የተነገረው እትዬ የሺ መጋረጃ እየሰፋች፣ እኔ የጣቢያውን ጣሪያ ይዤ እንዲደርቅ ስጠብቅ ነው። ራዲዮኑ ሲናገር ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚጮህ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። ትርፍ ቤት። አንድ ቤት ብቻ። የቀረው ይወረሳል። አባዬ ተነሥቶ ድምፁን ጨመረ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ መጥታ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

ትርፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትርፍ ጨርቅ አለ። መውረስንም አውቃለሁ፤ አያቴ ሲሞት አባዬ የአያቴን ሰዓት ወረሰ።

«አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው የሚወረሰው?»

እትዬ የሺ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ «ወይ ልጅ፣ ወይ ልጅ!» እያለች በነጠላዋ ጠረገችው። ጥሩ ቀልድ መናገሬን አውቄ ኮራሁ።

አሁን የማውቀው እንዲህ ነው። አባዬ ሁለት ቤት ነበረው። አንዱ በደመወዙ ድንጋይ በድንጋይ ያቆመው፣ የምንኖርበት የጉለሌው ቤት ነው። ሌላው በውርስ ያገኘው፣ እትዬ የሺ የምትኖርበት የቀጨኔው ጭቃ ቤት ነው። አዋጁ አንዱን ምረጥ አለው። ያልመረጠው የመንግሥት ይሆናል፤ ውስጡ የሚኖረውም ኪራይ ይከፍላል። ያ ነው ነገሩ፣ ሌላ የለውም። እኔ ግን በስምንት ቤት መካከል ተቀምጬ ነበር የሰማሁት። ሰፈራችን ውስጥ ስምንት ቤት ያለው ሰው ከእኛ ሌላ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የትልልቆቹ ወሬ ሁሉ ልክ ገጠመልኝ። «የየሺን ቤት ከመረጥክ እኛስ?» ትላለች እናቴ። «የራሳችንን ብመርጥ የሺስ የት ትገባለች?» ይላል አባዬ። ይሄን ሲሉ ከተማው አጠገብ ቆመው ነው፤ ስለ ከተማው ካልሆነ ስለ ምን ያወራሉ? እትዬ የሺ ደግሞ አንድ ቀን ኮስተር ብላ መጣች።

«ዓምሃ፣ የራስህን ምረጥ፤ ሚስትና ልጅ አለህ። እኔ አንድ ራሴን ነኝ። ለተወለድኩበት ቤት ግን ኪራይ አልከፍልም። እንጦጦ ማርያም እገባለሁ።»

«ገብተሽስ ምን ትሆኛለሽ? መነኩሴ?» አላት አባዬ።

«ምን ቸገረኝ! ቀሚሱን እንደሆነ ራሴ እሰፋዋለሁ።»

«እኔም እሄዳለሁ!» አልኩ። እንጦጦ መውጣት ለእኔ የሽርሽር ወሬ ነው። እናቴ ቆጣ ብላ ወደ ማድ ቤት ላከችኝ። ለምን እንደሆነ ፈጽሞ አልገባኝም።

አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፤ ወራሾቹ ሳይመጡ መብራቱን ማብራት አለብን። አባዬ ደግሞ ሥራውን ትቶታል። ከለገሃር ይመጣል፣ ከተማው አጠገብ ይቀመጣል፣ ምላጩን ያነሣል፣ ያስቀምጠዋል። የቀረው የሁለት ቤት ሽቦ ብቻ ነው! ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ሲብስብኝ የራሴን እርምጃ ወሰድኩ። ዳቦ ቤቱን አልጋ ሥር፣ ለገሃርን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱን በእናቴ የቡና ረከቦት ውስጥ ደበቅኳቸው። የእትዬ የሺን ብቻ አልነካሁም።

አባዬ ማታ መጥቶ በሩን አየ።

«ምነው ከተማው ጎደለ?»

«ደብቄያቸው ነው።»

«ከማን?»

«ከሚወርሱት።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና ወደ ራሱ ሳበኝ፤ ኮቱ ዝናብና ትኬት ይሸታል። ካላመናችሁኝ ትኬት የራሱ ሽታ አለው።

«እስቲ ንገሪኝ» አለኝ። «አንድ ብቻ አስቀሩ ቢሉሽ የቱን ታስቀሪያለሽ? የእኛን ነው?»

ጥያቄው አስደነገጠኝ። የእኛ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። አባቴ እንዴት ረሳው? ራሱ አይደል የነገረኝ!

«የእትዬ የሺን ነዋ!»

«ለምን?»

«መብራቱ የሚገባው በእሷ ነው። እሷን ከወሰዱ ሁላችንም እንጨልማለን።»

አባዬ አየኝ። ብዙ አየኝ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ቀዳዳውን በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረገና «ሂጂ፣ የደበቅሻቸውን አምጪ። ቅዳሜ እናበራለን» አለ።

ቅዳሜ! ቤቱን ዞርኩት። ትምህርት ቤቱን ከረከቦቱ ሳወጣ አንዱ ስኒ ተሰበረ፤ የተቆጣኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ የክት ልብሱን ለበሰ። እናቴ ኮቱን በብሩሽ ጠረገችለትና ያዘችለት፤ እጁን አስገባ። የሚሄደው የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መስሎኝ «ትልልቁን አምጣ!» ብዬ ጮህኩበት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አባዬ ከሞተ በኋላ፣ ስለዚያ ጠዋት እናቴን ጠየቅኋት። «ምን እንደሚመርጥ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ደስ ብሎኝ አልነበረም። ግን ኮቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ እሱን ጻፊልኝ።» ይኸው ጻፍኩላት።

ቅዳሜ ደረሰ። መስከረም ገብቷል፤ ሰማዩ ከስንት ጊዜ በኋላ ተከፍቷል። እትዬ የሺ ከቀጨኔ ወረደች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ለእኔም ከዚያው ጨርቅ ሰፍታ። አባዬ የሳሎኑን መብራት አጠፋና ማብሪያዋን እጄ ላይ አደረገልኝ። ከአሮጌ የእጅ ባትሪ የተነቀለች፣ በጣት የምትገፋ ትንሽ ቁልፍ ናት።

«በስመ አብ ብለሽ ግፊው» አለች እናቴ።

ገፋሁት።

መጀመሪያ የእትዬ የሺ ቤት ብልጭ አለ። ከዚያ መድኃኔ ዓለም፣ ዳቦ ቤት፣ ለገሃር፣ ወፍጮ ቤት። ቢጫ ቢጫ መስኮት፣ በየመስኮቱ መጋረጃ፣ ግድግዳው ግን ጥቁር፣ ልክ እንደ ቤት! ጮህኩ። እትዬ የሺ እልል አለች። በሩ ላይ በእርሳስ የተሠመረው ሐዲድ ሳይቀር አብረቅርቆ ታየኝ፤ ያን ሰዓት ባቡሩ በፉጨት ቢገባ አይገርመኝም ነበር። የእኛ ቤት ብቻ ጨለማ ነበር። አባዬ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ጠቅ ጠቅ አደረገው። በራ።

በዚያው ቅጽበት በር ተንኳኳ። ጋሼ መሸሻ ነበር፤ ከኋላው ሜትር የያዘ ጎረምሳ ቆሟል። ጋሼ መሸሻ በዚያ ሰሞን የቀበሌ ሰው ሆኗል።

«ሰላም አመሻችሁ። ዓምሃ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ቤቱን መለካት አለብን።»

«ለካ» አለ አባዬ።

መጡ። ወራሾቹ መጡ። ማብሪያዋን እንደጨበጥኩ ከተማው ፊት ቆምኩ። ጎረምሳው ግን ሜትሩን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ይዘረጋ ጀመር። እትዬ የሺ ሜትሩን አየች፣ ወንድሟን አየች።

«ዓምሃ፣ ይሄን ቤት ለምን ይለካሉ? ምን አደረግህ?»

አባዬ በሩ ላይ ወደተደረደሩት መስኮቶች እያየ ነበር።

«መብራቱ የሚገባው ባንቺ በኩል ነው» አላት።

ሽቦውን እያስረዳት ነው ብዬ በጣም ደስ አለኝ፤ እኔም ቀዳዳውን ላሳያት ተዘጋጀሁ። እሷ ግን «አንተ ሞኝ» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እንደ ልማዷ የምትስቅ መሰለኝ።

ያ የጉለሌው ቤት በዚያ ሳምንት የእኛ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ይሄን የተረዳሁት ሦስተኛ ክፍል ሆኜ፣ እናቴ ኪራይ ክፈዪ ብላ ስትልከኝ ነው። ቀበሌው መስኮት ላይ «የራሳችን ቤት ነው፣ አባቴ ነው የሠራው» ብዬ ከገንዘብ ተቀባዩ ጋር ተጨቃጨቅኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። እትዬ የሺ ግን ቀጨኔ፣ በተወለደችበት ቤት፣ መቀሷን ይዛ ኖራ እዚያው አረፈች። ጭስ ማውጫው እስከ መጨረሻው አዛብቶ ነው ያጨሰው።

ያን ቅዳሜ ግን ይሄን ሁሉ የት አውቄ! ጎረምሳው ሜትሩን ሲጠቀልል ጋሼ መሸሻ ወደ እኔ መጣ።

«ሙሉ፣ ስንት ቤት ነው ያለሽ?»

አፌ እውነቱን ተናገረ።

«ስምንት። ግን ትርፍ አይደሉም፣ ጋሼ። ሁሉም በአንድ ሽቦ ነው የሚሠሩት።»

ጎረምሳው ሳቀ። ጋሼ መሸሻ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና በየመስኮቱ አጮለቀ። ውስጥ የሚያብረቀርቀውን የራሱን ብራማ ወረቀት ሳያውቀው አልቀረም። ቀና ሲል ዐይኑን ወደ አባዬ አላዞረም።

«ስምንቱንም ላንቺ ትተንልሻል» አለኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጮህኩ። አባዬ አንገት ላይ ተንጠለጠልኩ፣ እናቴን ሳምኳት፣ ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ከደስታዋ ብዛት ነው አልኩ። ከዚያ አዲሱን ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ደጅ ሮጥኩ። የሰፈሩ ልጆች ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሟል።

«አንድም ቤት አልወሰዱብንም!» ብዬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። «ሁሉንም ትተውልናል!»

ከውስጥም ከውጭም ያረመኝ አንድ ሰው አልነበረም።